አሥር ኪሎ በርበሬ በብስክሌት

ስሙኝማ ወዳጆቼ፣ ቡናው እስኪንተከተክ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ነገሩ የበርበሬም የመንገድም ነው። በርበሬው የገባበት አማቴ ስለላኩኝ ነው፤ መንገዱ ግን የሁላችንም ስለሆነ፣ በዚህ ከተማ የምትነዱም፣ የምትሳፈሩም፣ በእግራችሁ የምትሄዱም ብትሰሙኝ ደስ ይለኛል።

ሰፈሬ ቀበና ነው። ዕድሜዬ ሃምሳን ተሻግሯል፣ የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ፣ ከቤት ወጥቼ የምገባውም በብስክሌት ነው። ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ «መኪናህ ጋራዥ ገብታ ነው?» ይለኛል። መኪና ኖሮኝ አያውቅም። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሐኪም አዞህ ነው?» ይለኛል። ሐኪምም አላዘዘኝም። ብስክሌት ስለምወድ ነው። በማለዳ፣ የታክሲ ሰልፉ ከመጠምዘዙ በፊት፣ በዳቦ ቤቱ ሽታ መሀል እያለፍኩ ጎረቤቶቼን በየስማቸው «እንዴት አደራችሁ» ማለት የሚሰጠኝን ደስታ ጋቢና ተቀምጬ አላገኘውም። እርግጥ አዲስ አበባ ለብስክሌት የዋህ ከተማ አይደለችም። ከባሕር በላይ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር ከፍታ ላይ ሆና፣ በዚያ ላይ ዳገትና ቁልቁለት ናት። ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና ድልድይ መውረድ ልጅ ያደርጋል፣ መልሶ መውጣት ደግሞ የልጅ ልጅ ያሳያል። ባሕር ዳር ያደገው የባለቤቴ ወንድም በመጣ ቁጥር «እናንተ ብስክሌት አትነዱም፣ ትገፋላችሁ» ይለኛል። ቢለኝም መገፋቱንም እወደዋለሁ።

ደግሞስ ብስክሌት ለእኛ እንግዳ ነው እንዴ? ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የሄደችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው፤ ያኔ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ። አባቴ የገረመው ደንቦባን ስም የሚጠራው ከመቀመጫው ተነስቶ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ክረምት ፅጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን ሲጀምር ደግሞ እኔ ሰፈራችን ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ለማያውቁኝ ሰዎች ሁሉ ሻይ ጋብዤአለሁ። እና አንድ የሚኒባስ ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ፋዘር፣ መጫወቻህን ይዘህ ወደ ዳር!» ሲለኝ፣ የሚያንገበግበኝ ለራሴ ብቻ አይደለም።

ከነገሬ ወጣሁ። ወደ በርበሬው ልመለስ።

ጊዜው ጥር ነበር። አማቴ የዓመቱን በርበሬ የሚያስፈጩት በጥር ነው፤ ዛላው ከሾላ ገበያ ይገዛል፣ ይቀነጠሳል፣ ይታጠባል፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ይደለዛል፣ ፀሐይ ይመታዋል፣ ከዚያ ኮረሪማው፣ በሶብላው፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙዱ ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ ሁለት ሳምንት ግቢያችንን ይይዛል፤ በዚያ ሰሞን እኛ ቤት ልብስ ማስጫ ገመድ አይገኝም፣ እንግዳም ሳያስነጥስ አይገባም። የሚፈጨውም ሾላ፣ አንድ ወፍጮ ቤት ብቻ ነው። ቀበና ወፍጮ ጠፍቶ አይደለም። አማቴ «የእነዚህ ወፍጮ ሽሮ ሽሮ ይላል» ብለው ከፈረዱበት አሥራ ምናምን ዓመት ስለሆነው ነው። ይግባኝ የለውም።

«ልጄ፣ ነገ በጠዋት አድርስልኝ» አሉኝ።

«እሺ እማማ» አልኩ።

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና «በታክሲ ነው ኣ?» አለች። አማቴ ብስክሌቴን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጆንያውን አዩ። አሥር ኪሎ ነው። አሥር ኪሎ ደግሞ ከአንድ ሕፃን አይበልጥም፤ እኔ በዚያች ብስክሌት ሁለት ልጆች አሳድጌአለሁ። በጎማ ገመድ ጥፍር አድርጌ ከኋላ አሰርኩትና ወጣሁ።

አካሄዱ ምንም አላለኝም። ከአራት ኪሎ በእንግሊዝ ኤምባሲ አድርጎ መገናኛ የሚደርሰው መንገድ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከታደሱት አንዱ ነው። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ ከጎኑም ለብስክሌት የተለየ መስመር አለው። ይህን መስመር መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ከብስክሌቴ ወርጄ ቆሜ አየሁት፤ ባለቤቴ ባትኖር ኖሮ አለቅስ ነበር። ድሮ እዚያው መንገድ ላይ የኛ ቦታ ከአስፋልቱ ቀኝ ጠርዝ ያለችው ጥግ ነበረች፤ ክዳኑ የተወሰደ ቱቦ፣ የታጠፈ ብረት፣ የመኪና እጣቢ ውኃ፣ ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ በድንገት ወደ ጥግ የሚገባ ሚኒባስ። በዚያች ጥግ ከሰላሳ ዓመት በላይ የኖረ ሰው የራሱ መስመር ሲሰጠው ምን እንደሚሰማው የነዳ ያውቀዋል።

በመስመሩ ላይ ግን ብቻዬን አይደለሁም። እናቶች ከነልጆቻቸው ይሄዱበታል፣ ተማሪዎች አራት ሆነው ክንድ ለክንድ ተያይዘው ይሄዱበታል፣ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል። ደወል ስደውል ሰውየው ይደነግጥና ወደ ግራ ይላል፣ እኔ በግራ ላልፍ ነበርና ወደ ቀኝ እላለሁ፣ እሱም ያዝንልኝና ወደ ቀኝ ይመለሳል። በመጨረሻ ሁለታችንም ቆመን ሰላምታ እንለዋወጣለን። በእግረኛ አልቆጣም። የዚህ ከተማ ሰው ከግማሽ በላይ ጉዞው በእግር ነው፤ በመኪና አደጋ ከሚሞተውም አብዛኛው እግረኛው ነው። መንገድ በፊት ያልተሰጠው ሰው የተመቸ ነገር ሲያገኝ ቢሄድበት ምን ይፈረድበታል? ሙሽሪትንም «እንኳን ደስ ያለሽ» ብዬ ወርጄ በጎኗ ገፍቼ አልፌአለሁ።

ወፍጮ ቤት ተሰለፍኩ፣ አስነጠስኩ፣ ተራዬ ደረሰ፣ ተፈጨ። ትኩስ በርበሬ ከወፍጮ ሲወጣ እጅን ያሞቃል፤ ሽታው ደግሞ እንኳን ሰውን ቅዳሜ ገበያን ያባብላል። ጆንያውን በጥንቃቄ አሰርኩት። ፈጪው «ጋሼ፣ ታክሲ ልጥራልዎት?» አለኝ። ይህን ጥያቄ ሰው ሁሉ ለምን እንደሚጠይቀኝ የገባኝ በኋላ ነው።

ስመለስ ነገሩ የተጀመረው በአንድ ፒካፕ ነው። የእንግሊዝ ኤምባሲን አጥር ይዤ በመስመሬ እየመጣሁ ሳለ፣ ፒካፑ ሁለት ጎማውን አውጥቶ የብስክሌቱ መስመር ላይ ቆሟል። ከኋላው የታሸገ ውኃ ይራገፋል። እግረኛው መንገድ በሰው ተሞልቷል፣ መስመሩ በፒካፕ ተዘግቷል። ደወልኩ። የሚያራግፈው ልጅ ፈገግ ብሎ «ሁለት ደቂቃ፣ ጋሼ» አለኝ። የአዲስ አበባን ሁለት ደቂቃ ታውቁታላችሁ። ወርጄ አስፋልት ገባሁ።

አስፋልቱ ላይ መጀመሪያ ያለፈኝ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ እነዚህ መኪኖች በዝተዋል። ለአየሩ ጥሩ ነው፣ እኔም ጭስ ስለሌላቸው አመሰግናለሁ። ግን ድምፅ የላቸውም። እኛ ብስክሌተኞች ከኋላችን የሚመጣውን በጆሯችን ነው የምናየው፤ ላዳውን በሳሉ፣ ሲኖትራኩን መሬቱ በመንቀጥቀጡ፣ ሚኒባሱን በረዳቱ ጩኸት እንለየዋለን። ይኼኛው ግን ክርኔን ሊነካ እስኪደርስ ሳልሰማው ተከሰተ። ደንግጬ ወደ ቀኝ ጥግ ተጠጋሁ። ያቺ ድሮ የማውቃት ጥግ።

እና ሚኒባሱ መጣ። ሰማያዊና ነጭ፣ ጢም ያለ። በግራዬ አልፎኝ ትንሽ እንደቀደመ ከውስጥ አንዲት ድምፅ «ወራጅ!» አለች። ይህ ቃል በኛ ከተማ ከቀይ መብራት ይበረታል። ሹፌሩ ፍሬቻ አላሳየም፣ ስፖኪዮም አላየ፤ ወደ ቀኝ አጠፈ። ረዳቱ ደግሞ መኪናው ሳይቆም በሩን ሳበው። በእግረኛው መንገድ ጠርዝና በሚኒባሱ በር መካከል ያለችው ቦታ እኔና ብስክሌቴ የነበርንባት ናት። ፍሬን ያዝኩ። ብስክሌቷ ቆመች። በርበሬው ግን አልቆመም። ገመዱ ተላቀቀ፣ ጆንያው በጎኔ ወደፊት ሄደ፣ የበሩ ጠርዝ ያዘውና ከላይ እስከ ታች ተረተረው።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ማንም ምንም አላየም።

ቀይ ደመና ነው የተነሳው። ግማሹ መንገድ ላይ፣ ግማሹ ሚኒባሱ ውስጥ ገባ። ጥር ነው፣ ንፋስ አለ። መጀመሪያ ያስነጠሰው ረዳቱ ነው፤ ከዚያ ተሳፋሪው ከፊት ወደ ኋላ በየተራው ቀጠለ፣ ከዚያ በአንድ ላይ ሆነ። ሰው በበርም በመስኮትም ወረደ። አንድ ሽማግሌ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ምን ዓይነት ጋዝ ነው?» ይላሉ። እኔ አስፋልቱ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ጉልበቴ ተልጧል፣ ከዐናቴ እስከ ጫማዬ ቀይ ነኝ፣ ዐይኔን መግለጥ አልቻልኩም፣ እንባዬ ይወርዳል። አንዲት ሴት ድምፅ ከበላዬ «አይዞዎት፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም» ትለኛለች። እያለቀስኩ እንዳልሆነ ላስረዳት አፌን ስከፍት በርበሬው አፌ ገባ።

ሹፌሩ ወርዶ መጣ። እሱም ያለቅሳል። በመጀመሪያ የዳሰሰው እኔን ሳይሆን የበሩን ጭረት ነው፤ ሆዴ ክፉኛ ተቀየመ። ኋላ ሳስበው ግን ነገሩ ገባኝ። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ከጣለ ወዲህ፣ በዚህ አገር አሮጌ ቆርቆሮም ቢሆን ሀብት ነው፤ ያውም ሚኒባሱ የሌላ ሰው ነው፣ እሱ ማታ የቀን ገቢ የሚያስገባ ተቀጣሪ ነው።

«ፋዘር!» አለ፣ አስነጠሰ። «ያን ያህል ብር ፈሶ መስመር ተሠርቶልህ...» አስነጠሰ። «አስፋልት ላይ ምን ትሠራለህ?»

«መስመሬ ላይ ፒካፕ ቆሞ ነው!» አልኩና ወደ ኋላ ጠቆምኩ።

ሁላችንም ዞረን አየን። መስመሩ ባዶ ነው። ፒካፑ ሄዷል። ሁለቱ ደቂቃ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓቱ አልቋል።

ያን ጊዜ የተሰማኝን እንዴት ልንገራችሁ? አምሳ የሚሆን ሰው ቆሞ የተጠረገ፣ ያማረ፣ ባዶ የብስክሌት መስመር አየ፤ ከዚያ አስፋልት ላይ የተቀመጠ ቀይ ሽማግሌ አየ። ረዳቱ «ብስክሌተኛ ናቸው ወይስ የሚጥሚጣ ነጋዴ?» አለና ሰዉን አሳቀ። ያ ሳቅ ከጉልበቴ ቁስል በላይ አመመኝ። በመስመሬ ስሄድ አንድም ሰው አላየኝም፤ ከመስመሬ በወጣሁበት በዚያች ቅጽበት ግን አገር ምስክር ሆነ።

ትራፊክ ፖሊስ መጣ፣ ወጣት ልጅ ነው። ደብተሩን አወጣ፣ አስነጠሰ፣ ደብተሩን መለሰ። «ታርጋ?» አለ ወደ ሹፌሩ። ወደ እኔ ዞሮ «የእርስዎስ አባቴ?» ሊል ጀምሮ ተወው። ሹፌሩ ስለ መስመሩ ተናገረ፣ እኔ ስለ ፍሬቻው ተናገርኩ። ወራጇ ሴትዮ፣ «ወራጅ» ያለችው፣ በመሀል ገብታ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ፌርማታዬን ማለፍ አልነበረብኝም» አለች፤ ለካ መውረድ የፈለገችው ሁለት ፌርማታ ቀደም ብላ ኖሯል። ፖሊሱ ሁላችንንም አዳምጦ «ሆስፒታል የሚሄድ አለ?» አለ። የለም። «እንግዲያስ ተስማሙ፣ መንገዱ ተዘግቷል» አለ። ከኋላችን እስከ ዳገቱ ድረስ ክላክስ ይጮኻል።

ሽማግሌው አስታረቁን። ሹፌሩ እጁን ዘረጋልኝ፤ «ይቅርታ ፋዘር፣ እውነት አላየሁህም» አለኝ። ያመንኩት ስለማለልኝ ሳይሆን ፊቱን ስላየሁት ነው። ቀኑን ሙሉ ከኋላው የሚጮህ ክላክስ፣ ከጎኑ «ሂድ ሂድ» የሚል ረዳት፣ ማታ የሚጠብቀው የመኪናው ባለቤት አለው። እኔን የሚያይበት ዐይን የቀረው አይመስልም። በአንድ ጥግ ላይ ሁለታችንን አንድ ላይ ያጨቀን ግን ፒካፑ ነው፣ ከፒካፑም በላይ ማራገፊያ ቦታ ያላሰበው የመንገዳችን ነገር ነው። ፒካፑ ሳያስነጥሰው ሄደ፣ እኛ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ሆነን ተያያዝን።

ተሳፋሪዎቹ በርበሬውን ሊያነሱልኝ ጎንበስ አሉ። «ላይ ላዩን እፈሱት፣ አፈሩን አትንኩ» እያለች ወራጇ ሴትዮ መራቻቸው። በጋዜጣ፣ በእጅ፣ አንዱም በኮፍያው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ አልቸኮልኩም ነበር፣ ለቀማው ግን ደረሰኝ። ረዳቱ ራሱ ሮጦ ከሱቅ ማዳበሪያ አመጣልኝ፣ ገንዘብም አልተቀበለኝም። ብስክሌቷ ማኑብሪዋ ዞሯል፣ ካቴናዋ ወልቋል። እየገፋሁ፣ ማዳበሪያውን ታቅፌ፣ የራሴን መስመር ይዤ ወደ ቀበና ወረድኩ። በዚያን ሰዓት ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀልኝ፤ ተማሪዎቹ ክንዳቸውን ተላቀቁ፣ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ደወል እንኳን አላስፈለገኝም።

አማቴ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ወሬው በስልክ ቀድሞኝ ደርሷል። ዝም ብለው ማዳበሪያውን ተቀበሉኝ፣ በእጃቸው መዘኑት፣ «ስድስት» አሉ። ሚዛን አላስፈለጋቸውም፣ ኋላ ባለቤቴ ስትመዝነው ስድስት ነው። ከዚያ ፊቴን በውኃና በወተት አስታጠቡኝ፣ ጉልበቴን አሰሩልኝ፣ አጥሚት አጠጡኝ፤ በርበሬውን አንስተው አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ያ ዝምታ ሳምንት ቆየ። ቅዳሜ ግን ቡና ላይ ጎረቤት ሞልቶ ሳለ፣ ወጥ ሲቀመስ አንዷ «ዘንድሮ በርበሬያችሁ አንድ ነገር ይጎድለዋል» አለች። አማቴ ሲኒያቸውን አስቀምጠው «የጎደለው እንግሊዝ ኤምባሲ በር ላይ ነው» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የሰፈር ልጆች እስከ ዛሬ ሳልፍ «ጋሼ በርበሬ» ይሉኛል፤ ዕድር ላይ እንኳ አንድ ሰው በዚህ ስም ጠርቶኝ ቃለ ጉባኤ ሊገባ ነበር።

እኔ አሁንም ብስክሌቴን እነዳለሁ። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ በወር አንድ እሑድ አንዳንድ መንገድ ለመኪና ሲዘጋ፣ ሕፃናት አስፋልት መሀል ብስክሌት ሲለማመዱ አይቻለሁ። እነዚያ ልጆች ዛሬ ጎረምሶች ናቸው፤ ብስክሌት ይዘው በዚያው መንገድ፣ በሥራ ቀን፣ ከሚኒባስ ጋር ይወጣሉ። እኔ የወደቅሁት ቀስ ብዬ ነው፣ የተጎዳውም ጉልበቴና በርበሬው ነው። እነሱ ግን ፈጣን ናቸው፣ ከኋላቸውም በርበሬ ሳይሆን ታናሽ እህታቸውን ይጭናሉ። ይህን ሳስብ ነው ሌሊት የምነቃው።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ የምለምናችሁ አለ። ውኃ የምታራግፉ፣ ያ መስመር ለናንተ ሁለት ደቂቃ ነው፣ እኛን ግን ወደ አስፋልት ያወርደናል፤ እባካችሁ አትቁሙበት። መንገድ የምትሠሩም፣ ሱቅና ሆቴል ባለበት ሁሉ ማራገፊያ ቦታ አብራችሁ ሥሩ፤ መስመሩንም መሀል መንገድ ላይ አትቁረጡት፣ ወደ ሰፈራችን ውስጥ አስገቡልን። ሹፌሮች፣ ወደ ቀኝ ከመታጠፋችሁ በፊት ፍሬቻ አሳዩና ስፖኪዮ እዩ። ረዳቶችም ተሳፋሪዎችም፣ መኪናው ሳይቆም በር አትክፈቱ፤ ስትከፍቱም አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተመልከቱ፣ የሚመጣ ሰው ሊኖር ይችላል።